ሃምሳ ዓመት ያልታጠበ ሰርግ

መርካቶ ውስጥ የማይከፈት ዕቃ ይዞ መዞር ምን እንደሚመስል የማያውቅ ሰው ካለ እኔን ይጠይቀኝ። ዕድሜዬ አሥራ ስድስት ነው፤ ባለፈው አንድ ሳምንት ግን ቢያንስ ሦስት ዓመት ጨምሬያለሁ። ልደት ያከበረልኝ ሰው ግን የለም።

ነገሩን ያመጣው መታወቂያ ነው። አያቴ እማማ አዲሱን መታወቂያ ልታወጣ ሄደች። መዝጋቢዋ የአባቷን ስም ጠየቀቻት፣ ነገረቻት፣ አሻራ ሰጠች፣ ፎቶ ተነሳች፣ አማኑኤል ወዳለው ቤታችን ተመለሰች። ተመለሰችና ዝም አለች። እማማን ለማታውቁ ልንገራችሁ፦ እማማ ዝም የምትለው ቅዳሴ ላይ ብቻ ነው። እዚያም ቢሆን ሙሉ በሙሉ አይደለም፤ ከጎኗ የምትቆመው ጎረቤታችን ምስክር ናት።

«እማማ፣ አሞሻል እንዴ?»

«የአባቴን ስም ስጠራ ፊቱ አልመጣልኝም» አለች። «ጋቢው ይመጣል። ከዘራው ይመጣል። ሳሉ እንኳን ይመጣል። ፊቱ ጋ ስደርስ የለም። ጠፋብኝ ልጄ። ሰው እንዴት የአባቱ ፊት ይጠፋበታል?»

የእማማ አባት በሕይወታቸው አንድም ፎቶ ሳይነሱ ነው የሞቱት። እማማ በሌላ ጊዜ ስታለቅስ ሰፈሩ ይሰማል፤ ያን ቀን ግን ድምፅ ሳታሰማ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አደረገች። እንዲህ ዓይነቱን ለቅሶ እኔ አላውቅበትም። ስለዚህ ውኃ አመጣሁላት። ለሁሉም ነገር ውኃ ማምጣት ነው እኔ የማውቀው።

ጥግ ላይ አባባ ሬዲዮኑን ጆሮው ላይ ለጥፎ ተቀምጧል። አባባ የእማማ ባል ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ ለሸማ ተራ ሲሠራ የኖረ፣ ዓይኑ ሲደክም የተወ ሸማኔ። ሬዲዮኑን ከጆሮው ሳያነሳ፣ «ሙሴ በሰርጋችን ቀን አንስቶት የለም እንዴ?» አለ።

እማማ ነጠላዋን ከዓይኗ ላይ አነሳች።

«ምን አልክ አንተ ሰውዬ?» አለች እማማ።

«ሙሴ ነዋ። በዚያች በምትንጫጫው ማሽን። አባትሽንም ሌላውንም ሰው እየዞረ አነሳ።»

«የት አለ?»

«ቁም ሳጥኑ ላይ።»

«ሃምሳ ዓመት ሙሉ?»

«ማን ጠየቀኝ?» አለ አባባ፤ የእውነት ገርሞት።

ሙሴ የተባለው አንድ ግሪካዊ ክር አስመጪ ነው። በዚያ ዘመን ነጭ ሁሉ ሙሴ ይባል ስለነበር ትክክለኛ ስሙን አባባም አያውቀውም። አባባ ክር የሚወስደው ከእሱ ነበር። ሙሴ በሰርጉ ቀን የፊልም ካሜራ ይዞ መጣ፤ ሦስት አራት ደቂቃ ቀረጸ፤ «ውጭ ልኬ አሳጥቤ እሰጥሃለሁ» አለ። ሳይልከው ዘመኑ ተለወጠ። ሱቁን ዘግቶ ሊሄድ ሲል ፊልሙን ከነቆርቆሮው ለአባባ ሰጠውና «እንዳትከፍታት» ብሎት ሄደ። አባባ ቃል አክባሪ ነው። አልከፈታትም፣ አላነሳትም፣ አላወራባትም።

ቆርቆሮዋ ክብ ናት፤ የሻይ ሰሃን ታክላለች፤ ዙሪያዋ በፕላስተር ታሽጓል። እማማ አቧራዋን በነጠላዋ ጠርጋ ሳመቻትና ወደ እኔ ዞረች።

«አባቴን ከዚህ ውስጥ ማን ያወጣልኛል?»

«እኔ!» አልኩ። «ለቅዳሜ አሳይሻለሁ!»

ማን አስገደደኝ? ማንም። ግን ስልክ ነበረኝ፣ ኢንተርኔት ነበረኝ፣ ትምህርት ቤት ደግሞ ተዘግቶ ነበር። ሦስቱ አንድ ላይ ሲገጥሙ ሰውን አጉል ደፋር ያደርጋሉ። እማማ ምሳ ሳይቀርብ ለግራ ጎረቤት፣ ምሳው ሳይነሳ ለቀኝ ጎረቤት «አባቴ ቅዳሜ ሊመጣ ነው» ብላ ተናገረች። እኔ ደግሞ ከምሳ በኋላ ቁጭ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። ያልታጠበ ፊልም ትንሽ ጭላንጭል ብርሃን ካየ አለቀለት ይላል። ምስሉ ይጠፋል፤ ሁለተኛ ዕድል የለም። እንግዲህ አንድ ሰው ቆርቆሮዋን ለአንድ ሰከንድ ብድግ አድርጎ ቢከፍታት የእማማ አባት ሁለተኛ ሊሞቱ ነው፤ ከሳሿ እማማ፣ ተከሳሿ እኔ።

በማግስቱ ጠዋት ቆርቆሮዋን በሁለት ፌስታል ጠቅልዬ መርካቶ ገባሁ።

መርካቶ ያልተከፈተ ዕቃ አያምንም። እዚያ በርበሬ ይቀመሳል፣ ጨርቅ ይጎተታል፣ ድስት ይንኳኳል፣ ጫማ ይታጠፋል፣ ባትሪ በምላስ ይሞከራል። አንድ ሰው «ተወው፣ አትክፈተው» ካለ ወይ የሰረቀው ነው፣ ወይ የተሰበረ ነው፣ ወይ ደግሞ ወርቅ ነው። አራተኛ መልስ የለም። እኔ አራተኛውን ይዤ ነው የገባሁት።

መጀመሪያ የሄድኩበት ፎቶ ቤት ባለቤቱ ወጣት ነው፤ ፀጉሩ ከኔ ፀጉር ይበልጥ ተሠርቷል።

«ፊልም ላሳጥብ ነው» አልኩት።

«በፍላሽ ነው በሚሞሪ?»

«ፊልም ነው።»

«ፊልም መሆኑማ ገባኝ። በፍላሽ ነው በሚሞሪ?»

ሁለተኛው ቦታ የሰርግ ቪዲዮ የሚያቀናብሩበት ነው። ሴትዮዋ ደግ ናት፤ ቆርቆሮዋን ከነፌስታሉ ተቀብላ አገላብጣ፣ አገላብጣ አየችና «የኬብሉ ቀዳዳ የት ጋ ነው?» አለችኝ። የለውም አልኳት። «እንግዲያው ቻርጅ ጨርሶ ይሆናል» ብላ መለሰችልኝ።

ሦስተኛው ቦታ ላይ ነው ጉዴ የፈላው። ምናለሽ ተራ አሮጌ ካሜራ የሚሸጡ ሰውዬ አሉ ተብዬ ሄድኩ። አሉ። ከፊታቸው ሬዲዮ፣ የግድግዳ ሰዓት፣ እግር የሌለው ማራገቢያ ተደርድሯል።

«ክፈቺውና ልየው» አሉኝ።

«አይከፈትም ጋሼ።»

«ሳላየው ምን ልበልሽ?»

«ከታየ ይጠፋል።»

ሰውዬው መነጽራቸውን አወለቁ። አጠገባቸው ጀሪካን የምትሸጠው ሴት አንገቷን አስረዘመች። «ምንድን ነው እሱ ከታየ የሚጠፋው?»

«ብርሃን ካየ ይሞታል» አልኳት። በሳይንስ ትክክል ነኝ። ሴትዮዋ ግን አማተበች። ከማዶ ያለው ድስት ሻጭ «አዑዙ ቢላህ» ብሎ ድስቱን ወደ ራሱ ሰበሰበ። በአንድ ጊዜ ዙሪያዬን ሰው ከበበኝ። መርካቶ ሰው ለመሰብሰብ ደወል አያስፈልገውም።

አንድ ኮፍያውን ወደ ኋላ ያዞረ ደላላ ጆሮዬ ጋ ተጠጋ። «እኅቴ፣ ገብቶኛል። ምንም አትናገሪ። ሳይከፈት የሚወስድ ሰው አለኝ።»

«አይሸጥም!»

«ጎበዝ! እንደሱ በያቸው» አለኝና ሰው ይዞ መጣ።

አይሸጥም ባልኩ ቁጥር ቆርቆሮዋ እየከበረች ሄደች። ከኋላ አንዱ «ዝባድ ነው፣ ሽታው መጣ» ይላል። ሌላው «ዝባድ በቀንድ ነው የሚያዘው፤ ይሄ የጥንት ማኅተም ነው» ይላል። አንዲት እናት ደግሞ እጄን ይዘው «የኔ ልጅ፣ ቤትሽ መልሺው፤ ያገኘሽበት ቦታ አስቀምጪው» እያሉ ይለምኑኛል። ደላላው ያመጣው ሰውዬ ቆርቆሮዋን ለመመዘን እጁን ሲዘረጋ እኔ ወደ ኋላ፤ እሱ ወደ ፊት፤ እኔ ወደ ኋላ። በመጨረሻ ሁለት ደንብ አስከባሪዎች ሰውን ገፍተው ገቡ።

«ምንድን ነው ግርግሩ?» አለ ወጣቱ። «ያዝሽውን ክፈቺው!»

እዚህ ላይ ያደረግኩትን ሳስበው አሁንም ጆሮዬ ይግላል። ቆርቆሮዋን መሬት አስቀምጬ ተቀመጥኩባት።

«ተነሺ!»

«አልነሳም!»

«ምንድን ነው ውስጡ ያለው?»

«የአያቴ አባት!»

ነገሩን በተሻለ አነጋገር መግለጽ እችል ነበር። ሕዝቡ በአንድ ጊዜ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ። ደላላው ኮፍያውን አወለቀ። ገዢው ሰውዬ ከነአካቴው ጠፋ። ወጣቱ ደንብ አስከባሪ ጓደኛውን አየ፤ ጓደኛው ቆርቆሮዋን አየ፤ ቆርቆሮዋ ግን አትታይም፤ ቀሚሴ ስር ናት። ያኔ ነው ሁሉንም ነገር ባንድ ትንፋሽ የነገርኳቸው፦ መታወቂያውን፣ ሙሴን፣ ሃምሳ ዓመቱን፣ የጠፋውን ፊት፣ ቅዳሜን። የጀሪካኗ ሴት አፍንጫዋን ስትስብ ሰማኋት።

ሽማግሌ ቢጤው ደንብ አስከባሪ ቁጢጥ አለና በለሆሳስ አናገረኝ። «ታዲያ ለምን ጋሽ ይልማ ጋ አትሄጂም? ሳገባ ያነሱኝ እሳቸው ናቸው። ፎቶው ደርሷል ወይ ብዬ የማጠቢያ ክፍላቸውን መጋረጃ ብገልጥ በቡጢ ሊሉኝ ነበር። እንዳንቺው ናቸው፤ አይከፈትም ባይ።»

ከመሬት ስነሳ ሰው አጨበጨበልኝ። ደላላው እስከ መሳለሚያ ሸኘኝ፤ ምናልባት ሐሳቤን ከቀየርኩ ብሎ።

ጋሽ ይልማ ሰማንያ ሊሞላቸው ነው። እማማ ተወልዳ ባደገችበት በመሳለሚያ፣ ከቤታችን የአሥር ደቂቃ የእግር መንገድ ላይ ያለው ፎቶ ቤታቸው የስልክ ሽፋን መሸጫ ሆኗል፤ የምትሠራው ልጃቸው ናት። እሳቸው ከረባት አስረው በሩ ላይ ይቀመጣሉ። ቆርቆሮዋን ሰጠኋቸው። አልከፈቷትም! ላቅፋቸው ትንሽ ነው የቀረኝ። ጆሯቸው ላይ አድርገው ነቀነቋት፣ አሸተቷት፣ የተጻፈባትን አነበቡ።

«ጥቁርና ነጭ ነው። ያልታጠበ። ማን አነሳው?»

«ሙሴ።»

«የትኛው ሙሴ?»

«ክር አስመጪው።»

«እሱማ ካሜራ የሚይዘው እንደ መጥረጊያ ነበር» አሉ። ከዚያ ቆርቆሮዋን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። «ስሚ ልጄ። ሃምሳ ዓመት ረጅም ነው። ሊወጣም ላይወጣም ይችላል። የምንሞክረው አንዴ ነው፤ ከተበላሸ ተበላሸ። ለአያትሽ ይህንን ንገሪያት።»

«እሺ ጋሼ» አልኩና ለእማማ አልነገርኳትም። እማማ ያን ቀን ፀጉሯን ልትሠራ ቀጠሮ ይዛ ነበር።

የመጀመሪያው ችግር ማጠቢያው ነው። ጋሽ ይልማ ጋ የቀረው ኬሚካል ከማርጀቱ የተነሳ ጠጅ መስሏል። ግን ራጅ እስካሁን በእጃቸው የሚያጥቡ አንድ ወዳጅ ነበሯቸው፤ ክሊኒክ ውስጥ። የራጅ ማጠቢያም ፊልም ያጥባል አሉኝ። ሁለት የዘይት ጀሪካን ይዤ ሄድኩ፤ አንዱ ላይ «መጀመሪያ» አንዱ ላይ «ሁለተኛ» ብዬ ጽፌ። ስመለስ ሚኒባሱ ጢም ብሎ ሞልቷል። ረዳቱ «ጀሪካኑ ምንድን ነው፣ ጠላ ነው?» አለኝ።

«የራጅ ነው» አልኩት።

ከኋላ ወንበር ሦስት ሰዎች መሄጃቸው ሳይደርስ ወረዱ። አንድ ሰውዬ ደግሞ ወንበር ሳይቀይሩ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው ሳንባቸውን ሸፈኑ። እንደዚያ ተዘርግቼ ተቀምጬ በታክሲ ሄጄ አላውቅም። ኬሚካሉ ለማንም ጨረር እንደማይለቅ ልነግራቸው አስቤ ነበር፤ ግን ወንበሩ ተመቸኝ።

ሁለተኛው ችግር ከባዱ ነው። ጋሽ ይልማ እጃቸውን ዘርግተው አሳዩኝ። እጃቸው ይንቀጠቀጣል።

«ሠላሳ ሜትር ፊልም ነው» አሉ። «በድቅድቅ ጨለማ እንጨት ላይ መጠምጠም አለበት። አንዱ ዙር ሌላውን ከነካ ይጣበቃል፤ የተጣበቀው ቦታ አይታጠብም። ዓይን አይሠራም፤ ጣት ብቻ ነው። ሠላሳ ሜትር በጣቱ ብቻ የሚጠመጥም ሰው ከየት እናመጣለን?»

ሳቄ መጣ። «ጋሼ፣ እኛ ቤት ቁጭ ብሎ ሬዲዮ ይሰማል።»

አባባ ሙሉ ልብሱን ለብሶ መጣ። የተዘጋጀውን የእንጨት ማዕቀፍና ግራና ቀኝ የተመቱትን ሚስማሮች ዳሰሰና «ይሄማ ድር ማድራት ነው!» አለ። ወዲያው ፊቱን አኮሳተረ። «ሚስማሩን ማን ነው የመታው?»

«እኔ ነኝ» አሉ ጋሽ ይልማ።

«ተቀራርቧል።»

«እርስዎ ፎቶ አንሺ ነዎት?»

«እርስዎስ ሸማኔ ነዎት?»

ሚስማሩ ተነቅሎ እንደገና ተመታ። አባባ በስጦታ ሪቫን ተለማመደ፤ መጀመሪያ ዓይኑን ገልጦ፣ ከዚያ ጨፍኖ። ጨፍኖ ሲሠራ ይፈጥናል። ዓይኑ ከደከመ ወዲህ እጁን እንዲያ ሲያንቀሳቅስ አይቼው አላውቅም ነበር፤ ጣቶቹ ከእሱ በዕድሜ ያነሱ ይመስላሉ። በሦስተኛው ልምምድ ላይ ሁለቱ ሽማግሌዎች «እርስዎ» መባባሉን ትተው «አንተ» ተባባሉ። ጠብም ፍቅርም ያመጣዋል፤ የትኛው እንደሆነ ግን አልለየሁም።

አርብ ከሰዓት በኋላ ጨለማው ክፍል ገባን። ክፍሉ የስልክ ሽፋን መጋዘን ሆኖ ስለነበር ካርቶኑ ሁሉ ወጥቷል፤ የበሩ ስንጥቅ በጋቢ ተጠቅጥቋል። ውስጥ አባባ፣ ጋሽ ይልማና እኔ ነን። እማማ በሩ ላይ ዘብ ቆማለች፤ ፀጉሯ ተሠርቷል። «በሬሳዬ ላይ ካልሆነ ማንም አይገባም!» አለች፤ ስልክ ሽፋን ሊገዛ የመጣ ሰው ሰምቶ ከበራፉ ተመለሰ።

መብራቱ ጠፋ። እንዲህ ዓይነት ጨለማ አይታችሁ አታውቁም፤ እኔም አላየሁም፤ ምክንያቱም ምንም አይታይም። የፕላስተሩ መላጥ ተሰማ። ክዳኑ ቀጭ አለ። በሃምሳ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ቆርቆሮዋ ተከፈተች። ከዚያ የአባባ ትንፋሽና የፊልሙ ሽው ሽው ብቻ ሆነ። «አሥር… አሥራ አንድ…» ዙሩን ይቆጥራል። «ሃያ ስድስት… ሃያ ሰባት…»

እናም ኪሴ ውስጥ ስልኬ ጠራ።

ድምፁ አይደለም ችግሩ። ብርሃኑ ነው! ቀሚሴ በኪሱ በኩል እንደ ፋኖስ በራ። «ብርሃን!» ብለው ጋሽ ይልማ ሲጮኹ እኔ መሬት ላይ በሆዴ ተደፍቻለሁ፤ አባባ ደግሞ ፊልሙን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው እያዛወረ ኮቱን አውልቆ ላዬ ላይ ወረወረ። ኮቱ ስር ሆኜ ስልኩን አየሁት። የደወለችው እማማ ናት። ከበሩ ማዶ። አንስቼ ዘጋሁባት።

«ልጄ?» አለች ወዲያው በበሩ በኩል። «ደረሰ ወይ ልላችሁ ነው!»

አባባ ጉሮሮውን ጠረገና «ሃያ ስምንት» አለ።

በጨለማ ሰዓት አይታይም። ስለዚህ ጋሽ ይልማ የሚታጠብበትን ጊዜ የሚለኩት በአቡነ ዘበሰማያት ነው። አሥር ጊዜ ሲደገም የመጀመሪያው ሳፋ ይበቃዋል። አባባ አብሮ መድገም ጀመረ፤ ግን አባባ ጸሎት ላይ ፈጣን ነው።

«ቀስ በል! ሳይታጠብ ልታወጣው ነው!»

«በጸሎት ማንም አይቀድመኝም።»

«ውድድር አይደለም ሰውዬ!»

እኔ በሆዴ እንደተኛሁ ነኝ። ከነሱ ጋር አልደገምኩም። የራሴን ነው የጸለይኩት፤ አጭር ናት፦ እባክህ፣ ስልኬ ያቃጠለው የሰው ፊት አይሁን።

ፊልሙ ሁለተኛውን ሳፋ ጨርሶ መብራቱ ሲበራ ጋሽ ይልማ ጫፉን በጣታቸው ይዘው ወደ አምፑሉ ከፍ አደረጉት። እጃቸው መንቀጥቀጡን አቁሟል ብል ውሸት ነው፤ ይንቀጠቀጣል። «የመጨረሻዋ ክንድ የምታህል ተቃጥላለች» አሉ። «ሌላው ወጥቷል።»

ከክፍሉ ስወጣ እማማ «አየሽው?» አለችኝ። ፊልሙ ላይ ያለው ሰው የሩዝ ፍሬ ነው የሚያክለው፤ ማንንም መለየት አልቻልኩም። «ነገ» አልኳት።

ቅዳሜ ጋሽ ይልማ ድሮ በየገጠሩ የጤና ፊልም ሲያሳዩበት የነበረውን ማሽን አወጡ። ቀበቶው ተበጥሶ ስለነበር ከብስክሌት የውስጥ ጎማ ተቆርጦ ተሠራለት። ግድግዳው ላይ አባባ ራሱ የሠራው ነጠላ ተሰቀለ። በሩ ተዘጋ፤ ማሽኑ እየተንጫጫ ዞረ፤ ነጠላው ላይ ሰዎች መንቀሳቀስ ጀመሩ።

ሁሉም ጥቁር ለብሰዋል። ቆዳቸው ነጭ ነው።

«ይሄ ለቅሶ ነው!» አለች እማማ ደንግጣ። «የማን ለቅሶ ነው ያመጣችሁብኝ?»

«ኔጌቲቭ ነው» አሉ ጋሽ ይልማ። «ነጩ ጥቁር፣ ጥቁሩ ነጭ ሆኖ ነው የሚወጣው። ለመገልበጥ ሌላ ፊልም ያስፈልጋል፤ እሱ ደግሞ የለም።»

ሳምንቱን ሙሉ አንድ ብልህ ነገር ከሠራሁ ይሄ ነው፦ ስልኬ ውስጥ ቀለም የሚገለብጥ ማስተካከያ አለ። ከፈትኩት፣ ካሜራውን ወደ ነጠላው አዞርኩ፣ ለእማማ ሰጠኋት። በስልኩ ውስጥ ጥቁሩ ሁሉ ነጭ ሆነ። ሰርግ ሆነ!

«እልልል!» አለች እማማ። ከዚያ አቆመች። «የታለ ሰዉ?»

ሰዉ ከወገብ በታች ነው። ሙሴ ክር ነጋዴ ነው አላልኳችሁም? ካሜራውን ይዞ የዞረው ጥለት ለጥለት ነው። የዚህች ቀሚስ ጫፍ፣ የዚያኛው ነጠላ ጫፍ፣ እንደገና ወደ ቀሚሱ። እግር፣ ጥለት፣ እግር፣ ጥለት።

«ይሄ የኔ ሥራ ነው!» አባባ ከወንበሩ ተነሳ። «ይሄኛውም የኔ! ያኛው አይደለም፤ ልል ነው፤ እዩት ሲንገዋለል!»

«ሙሴ!» አለች እማማ፣ ሃምሳ ዓመት ወደ ኋላ ተመልሳ እየተቆጣችው። «ጨርቅ ነው እንዴ የተዳረው? ቀና አድርገው!»

ሙሴ ቀና አላደረገውም። አንድ ደቂቃ አለፈ፤ ሁለት ደቂቃ አለፈ። እማማ መቆጣቷን ተወች። ስልኩን የያዘው እጇ ቀስ እያለ ወረደ። እኔ የምገባበት ጠፋኝ፤ ውኃ እንኳን አጠገቤ አልነበረም። ቅዳሜ አሳይሻለሁ ያልኳት እኔ ነኝ፤ ያሳየኋት ደግሞ የማታውቀውን ሰው ቁርጭምጭሚት ነው።

ከዚያ አንድ ወፍራም ጋቢ መጣ። ሙሴ እንደ ልማዱ ከጫፉ ጀመረ። ግን ይሄኛው ጥለቱ ወደ ላይ የሚሄድ ነበርና ካሜራውም ተከትሎት ወጣ፤ ጉልበት፣ ወገብ፣ ትከሻ።

«እማማ! ስልኩን አንሺ!»

ከዳሱ ጀርባ ብቻውን የቆመ ሰው ነው። ማንም የሚያየው አልመሰለውም። በጋቢው ጫፍ ዓይኑን ይጠርጋል፣ አፍንጫውን ይጠርጋል፣ እንደገና ዓይኑን። ከዚያ ቀና አለና ቀጥ ብሎ ወደኛ አየ። ወዲያው ነጠላው ጨለመ፤ የተቃጠለችው ክንድ ደረሰች።

«ይሄ ልጅ ማነው?» አለች እማማ።

«አባትሽ ነዋ» አለ አባባ።

«ሂድ ወዲያ! አባቴ ትልቅ ሰው ነበር።»

«ያኔ አርባ ቢሆነው ነው። ዛሬ የራስሽ ልጅ እንኳን ይበልጠዋል።»

ጋሽ ይልማ ሳይጠየቁ ፊልሙን ወደ ኋላ መለሱና አዞሩት። ጋቢው መጣ፣ ትከሻው መጣ፣ ፊቱ መጣ። እማማ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ተነሳች፤ እየተጠጋች፣ እየተጠጋች ነጠላው ጋ ደረሰች።

«ታለቅሳለህ እንዴ?» አለችው። «እኔ እኮ ‹ተገላገለኝ› ብዬ ነበር። አንድ ቀን እንኳን ሲያለቅስ አላየሁት…»

ጋሽ ይልማ ለሦስተኛ ጊዜ አዞሩት። በዚህኛው እማማ መሳቅ ጀመረች፤ ጉንጯ እርጥብ እንደሆነ፣ ትከሻዋ እስኪነቃነቅ። ጣቷን ዘርግታ የሰውየውን ጉንጭ ነጠላው ላይ ነካችው።

«አይዞህ የኔ ልጅ» አለችው። «ምን ያስለቅስሃል? ከመሳለሚያ አማኑኤል እኮ ነው የምሄደው!»